ከተማችሁ የውሃ ማጣሪያውን ሊያሻሽል ነው? ስንት ኦፕሬተር ይቀጠር የሚለውን ጥያቄ ሲቲ ካውንስል ፊት የምታቀርቡበት መንገድ

እኔ አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ በሺፍት የምሠራ ኦፕሬተር ነኝ። አሁን ብዙ ከተማ ፒፋስ የሚባሉትን ኬሚካሎች ለማውጣት ብሎ ማጣሪያውን እያሻሻለ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ለሁለቱ ዋና ዋናዎቹ ከትሪሊዮን እጅ 4 እጅ የሚል ጣሪያ ስላወጣ ማለት ነው፣ ግን የካውንስል ስብሰባ ላይ የሚወራው ሁሉ ስለ ህንፃው፣ ስለ ታንኩ፣ ስለ ብድሩ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውስ? ስንት ነው የሚያስፈልገው፣ መቼ ነው የሚቀጠረው፣ ደሞዙ ከየት ነው የሚወጣው? ይሄ ጥያቄ መነሳት ያለበት ግንባታው በሚጸድቅበት ምሽት ነው። ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ብትጠይቁት ረፍዷል፣ ምክንያቱም ላይሰንስ ያለው ኦፕሬተር በሁለት ወር ውስጥ ከገበያ የሚገኝ ሰው አይደለም። እና ነዋሪ ሆናችሁ፣ ቢል ከፋይ ሆናችሁ፣ እንዴት ብላችሁ እንደምትጠይቁ ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

1. መጀመሪያ ውሃችሁን ማን እንደሚያጣራ እወቁ

ቢል የሚልክላችሁ መሥሪያ ቤትና ውሃውን የሚያጣራው አንድ ላይሆን ይችላል፣ ይሄን ሳያጣሩ ካውንስል ሄዶ መናገር ምሽቱን በከንቱ ማሳለፍ ነው። ዲሲ የምትኖሩ ቢሉ ከዲሲ ዋተር ነው የሚመጣላችሁ፣ ውሃውን የሚያጣራው ግን ዋሽንግተን አኩዌደክት ነው፣ እሱ ደሞ በአሜሪካ ጦር የኢንጂነሮች ኮር ሥር ያለ ስለሆነ ዳሌካርሊያና ማክሚላን የሚባሉት ማጣሪያዎቹ ላይ ስንት ኦፕሬተር ይቀጠር የሚለው የዲሲ ካውንስል ውሳኔ አይደለም። አርሊንግተንም የሚገዛው ከዚያው ነው። አሌክሳንድሪያ ውሃውን የሚያከፋፍለው የግል ኩባንያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ የደብሊውኤስኤስሲ ዋተር ደንበኞች ናችሁ፣ የሱን በጀት የሚያጸድቁት የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ካውንስሎች ስለሆኑ ጥያቄያችሁን ካውንቲው ጋ ነው ይዛችሁ የምትሄዱት። እዛው አጠገብ ያለው ሮክቪል ግን ፖቶማክ ወንዝ ላይ የራሱ ማጣሪያ አለው፣ ሜየሩና ካውንስሉ ይወስናሉ። ዳላስም የራሱ ማጣሪያዎች አሉት፣ ጋርላንድ ያላችሁ ግን ውሃችሁ የሚመጣው የሰሜን ቴክሳስ የውሃ ዲስትሪክት ከሚባለው ነው። ዴንቨር ደሞ ሜየሩ የሚሾመው ራሱን የቻለ ቦርድ አለው።

የራሳችሁን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 የሚላከው የውሃ ጥራት ሪፖርት ነው፣ ብዙ ሰው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ ይጥለዋል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያጣራው፣ የስብሰባው ቀንና ቦታ ሁሉ እዛ ላይ አለ።

2. ስታፍ ሪፖርቱን አውርዱና ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ

እያንዳንዱ የካውንስል አጀንዳ ከሥሩ ስታፍ ሪፖርት የሚባል ሰነድ አለው። ፊት ለፊት ያለው ስለ ፕሮጀክቱ ጥቅም ነው። ቁም ነገሩ ያለው መጨረሻ አካባቢ "ፊስካል ኢምፓክት" የሚለው ክፍል ውስጥ ነው። እዛ ስትደርሱ አንድ ነገር ፈልጉ፦ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የሚመጣው ወጪ ተጽፏል ወይስ የግንባታው ዋጋ ብቻ ነው ያለው? ኤፍቲኢ የሚል ቃል ካያችሁ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ቁጥር ማለት ነው። "ባለው ሠራተኛ ይሸፈናል" የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ አስምሩበት፣ ጥያቄያችሁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ኮንሰንት አጀንዳ ነው። እዛ ውስጥ የገባ ጉዳይ ከሌሎች አሥር ጉዳዮች ጋር ባንድ እጅ ማውጣት ያልፋል፣ ማንም አይወያይበትም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለካውንስል አባላችሁ ኢሜይል ጽፋችሁ ይሄ ጉዳይ ለብቻው ወጥቶ ይታይልን ማለት ትችላላችሁ፣ አንድ አባል ከጠየቀ ብዙ ቦታ ይወጣል።

3. ማሻሻያው ሥራውን እንዴት እንደሚቀይረው ተረዱ

ኢንጂነር መሆን አያስፈልጋችሁም፣ ግን ምን እንደሚገባና ምን ሥራ ይዞ እንደሚመጣ ትንሽ ካወቃችሁ ጥያቄያችሁ ክብደት ይኖረዋል።

አክቲቬትድ ካርቦን (ኬሚካሉን የሚይዝ ከሰል) ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ታንክ በተከታታይ ነው የሚቆመው፣ የመጀመሪያው ታንክ ኬሚካሉን ይዞ ይዞ ሲጠግብ ሁለተኛው ይይዛል፣ ስለዚህ በሁለቱ መሃል ናሙና እየወሰደ፣ የግፊት ልዩነቱን እያነበበ፣ ካርቦኑ መቼ ይቀየር የሚለውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፣ የናሙናው ውጤት ደሞ ከውጪ ላብራቶሪ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ ቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ሜምብሬን (በጣም ስስ የማጣሪያ ሽፋን) ከሆነ መቀደዱና አለመቀደዱ በየጊዜው ይፈተሻል፣ በኬሚካል ይታጠባል። ኦዞን ከሆነ ጋዙ መርዛማ ስለሆነ የደህንነት ሥልጠናው ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዩቪ (ጀርም የሚገድል ብርሃን) ላይ ሴንሰሩን ማስተካከል፣ መብራቱን መቀየር አለ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይሄን ጠይቁ፦ ጣቢያው ሲሻሻል ደረጃው ይለወጣል ወይ? ብዙ ስቴት ማጣሪያ ጣቢያዎችን እንደ ውስብስብነታቸው ደረጃ ያወጣላቸዋል፣ ዋናው ኦፕሬተር ደሞ ለዚያ ደረጃ የሚመጥን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። አጠራሩ በየስቴቱ የተለያየ ነው፣ ካሊፎርኒያ ትልቁ ቲ5 ነው፣ ቨርጂኒያ ትልቁ ክላስ 1 ነው፣ ሚሲሲፒ ክላስ ኤ። ትልቁ ላይሰንስ ፈተና አልፎ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ የዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እና ትናንት ለድሮው ጣቢያ ብቁ የነበረ ጎበዝ ሰው ዛሬ በወረቀት ደረጃ ለአዲሱ ብቁ ላይሆን ይችላል። ይሄን ካውንስሉ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ካላሰበበት መጨረሻው ከሌላ ከተማ ሰው መስረቅ ነው፣ ያም ከተማ ይጎድልበታል።

ሰው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጃክሰን ሚሲሲፒን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2022 መጨረሻ ላይ ኦ.ቢ. ከርቲስ የሚባለው ዋናው ማጣሪያቸው ሲወድቅ ወደ 150 ሺህ ሰው ገደማ ቧንቧው ግፊት አጣ፣ ሽንት ቤት እንኳን ማፍሰስ አልቻለም። ጎርፉ ነው ተባለ፣ እውነት ነው ጎርፍ ነበር፣ ግን ሰዉ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ላይ የነበረው ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ የክላስ ኤ ኦፕሬተር እጥረቱም ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር፣ ኢፒኤም በጽሑፍ ያነሳው ጉዳይ ነው። ጣቢያው ሜምብሬን ነበረው። ዘመናዊ ነገር አልጠፋም፣ ሰው ነው የጠፋው። በኖቬምበር 2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት የውሃውን ሥራ ከከተማው እጅ አውጥቶ ለሌላ አስተዳዳሪ ሰጠው።

4. የሺፍቱን ሂሳብ ራሳችሁ ሥሩ

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል፣ ግን ካውንስል ፊት የሚያሸንፈው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ማንም ሊክደው አይችልም።

ውሃ ማጣሪያ ገናም ፋሲካም ሌሊትም አይቆምም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል። 168 ለ40 ስታካፍሉት 4.2 ይመጣል። ማለትም አንድ ወንበር ላይ ሁሌ አንድ ሰው እንዲቀመጥ ብቻ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፣ ያውም ማንም ሳይታመም፣ ማንም እረፍት ሳይወጣ።

አሁን እረፍቱን ጨምሩበት። አንድ ሠራተኛ በዓመት 2,080 ሰዓት ይከፈለዋል። ለምሳሌ 120 ሰዓት የዓመት እረፍት፣ 88 ሰዓት የበዓል ቀን፣ 60 ሰዓት ሕመም፣ 32 ሰዓት ላይሰንሱን ለማደስ የሚወስደው ሥልጠና ብትሉ ባጠቃላይ 300 ሰዓት ነው፣ የሚቀረው 1,780 ነው። ዓመት ደሞ 8,760 ሰዓት አለው። 8,760 ለ1,780 ሲካፈል 4.9 ምናምን ይመጣል። አምስት ሰው በሉት። ለአንድ ወንበር። በየሺፍቱ ሁለት ሰው ይኑር ካላችሁ አሥር ነው፣ ይሄ የጥገና ሰውን፣ የላብራቶሪ ሰውን፣ ሱፐርቫይዘሩን አይጨምርም። የከተማችሁን የእረፍት ቀን ከሠራተኛ ማኑዋሉ አውጥታችሁ በሱ ተኩት፣ ውጤቱ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ስታፍ ሪፖርቱ ላይ "24 ሰዓት የሚሠራ ጣቢያ፣ አራት ኦፕሬተር" የሚል ካያችሁ ቀሪው ሰዓት በምን ይሸፈናል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወይ ኦቨርታይም ነው ወይ ሌሊት ሰው የለም ነው።

ሌሊት ሰው የለም የሚለውን በደንብ ጠይቁ። የፌዴራሉ መመሪያ በየሺፍቱ ላይሰንስ ያለው ኦፕሬተር "ዝግጁ" እንዲሆን ነው የሚለው፣ ዝግጁ ማለት ግን ጣቢያው ውስጥ ያለ ማለት ነው ወይስ ቤቱ ተኝቶ ስልክ የሚያነሳ? ይሄ እንደ ስቴቱና እንደ ፈቃዱ ይለያያል። የካውንስል አባል ይሄን ጥያቄ ለዳይሬክተሩ እንዲያቀርብላችሁ አድርጉ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሌሊት ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከወንዙ የሚገባው ውሃ ባንዴ ይደፈርሳል። ያኔ ቀን የነበረው የአሉሚኒየም ሰልፌት፣ ማለት ጭቃውን የሚያያይዘው ኬሚካል፣ መጠን አይሠራም። ስድስት ቢከር እደረድርና እያንዳንዱ ውስጥ የተለያየ መጠን እጨምራለሁ፣ ማቀላቀያው መጀመሪያ በፍጥነት ከዛ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከዛ ይቆማል። ጎንበስ ብዬ ከጎን በመብራት አያለሁ፣ የትኛው ቢከር ውስጥ ነው ጭቃው ተያይዞ ወፈር ብሎ የሚወርደው፣ የትኛው ላይ ነው ጭጋጉ ተንሳፍፎ የሚቀረው። የተሻለውን መርጬ ፓምፑን አስተካክላለሁ፣ ከዛ የፊልተሮቹን ድፍርስነት በየደቂቃው እከታተላለሁ። ከፊልተር የሚወጣው ውሃ በወሩ ውስጥ ከሚለኩት 95 በመቶው ላይ ከ0.3 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) መብለጥ የለበትም፣ ከ1 ደሞ ፈጽሞ ማለፍ የለበትም። አንዱ ፊልተር ከፍ ማለት ከጀመረ አውጥቼ አጥበዋለሁ። ይሄን ሁሉ ከቤት በስልክ ማድረግ አይቻልም፣ ቢከሩን የሚያይ ዓይን እዛው መኖር አለበት።

5. የቅጥሩን ቀን ከግንባታው ቀን ጋር አያይዙት

ካውንስሉ "ሲያልቅ እንቀጥራለን" ካለ አትቀበሉ። አዲስ ሰው ገብቶ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እስኪያውቅ፣ ኮንትራክተሩ መሣሪያውን ሲሞክር አጠገቡ ቆሞ እስኪማር፣ ፈተናውን እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል። እንደኔ አስተያየት ቢያንስ ዋናዎቹ ሰዎች ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት መግባት አለባቸው፣ ሰልጣኞቹ ደሞ ከዚያም በፊት። የኮሚሽኒንግ ጊዜ የሚባለው፣ ማለት ውሃው ለሕዝብ ሳይለቀቅ የሚሞከርበት፣ ለኦፕሬተሩ ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፣ ሰው ሳይኖር ካለፈ አይደገምም።

ፍሊንት ሚሺጋን ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፣ ውሃው ውስጥ የገባውን እርሳስ (ሊድ) እንጂ የሠራተኛውን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም። ከ1967 ጀምሮ ውሃቸውን ከዲትሮይት ይገዙ ነበር፣ የራሳቸው ማጣሪያ መጠባበቂያ ሆኖ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየሩና ጣቢያውን ሙሉ ጊዜ ሥራ አስጀመሩት። ከዚያ ስምንት ቀን ቀድሞ የጣቢያው የላብራቶሪና የውሃ ጥራት ኃላፊ ለስቴቱ ኢሜይል ጽፎ ነበር፣ ተጨማሪ ሠራተኛ ለማሠልጠን ጊዜ ያስፈልገኛል፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ውሃ ከዚህ ጣቢያ ከወጣ ከኔ ፈቃድ ውጪ ነው የሚል። አልተሰማም። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ሳይጨመር ውሃው ወጣ፣ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ያኔ ከተማው በስቴቱ በተሾመ ኢመርጀንሲ ማኔጀር ነበር የሚመራው፣ በማርች 2015 ካውንስሉ ወደ ዲትሮይት እንመለስ ብሎ 7 ለ1 ድምፅ ሲሰጥ እንኳን ማኔጀሩ አልቀበልም አለ። የናንተ ካውንስል ያን ሥልጣን አልተነጠቀም፣ ስለዚህ ተጠቀሙበት፣ የጣቢያው ኃላፊ ራሱ "ሠራተኞቼ ዝግጁ ናቸው" ብሎ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ጣቢያው እንዳይከፈት ካውንስሉ በውሳኔው ውስጥ እንዲያስገባ ጠይቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ማንንም አያስከፍልም።

6. ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ቦንድና የስቴት ብድር ለግንባታ ነው፣ ደሞዝ አይከፍልም። ደሞዝ የሚወጣው በየወሩ ከምንከፍለው ቢል ነው። ለዚህ ነው ካውንስሎች ግንባታውን በደስታ አጽድቀው ሠራተኛው ላይ የሚያመነቱት፣ ቢል ጨመረ የሚባለው በነሱ ስም ስለሆነ።

እዚህም ሂሳቡን ሥሩና ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ አምስት ኦፕሬተር ከነጥቅማ ጥቅሙ ለያንዳንዱ በዓመት 110 ሺህ ዶላር ቢወጣ 550 ሺህ ነው። ከተማው 30 ሺህ ደንበኛ ካለው ለአንድ ቤት በዓመት 18 ዶላር ከምናምን ነው፣ በወር አንድ ዶላር ተኩል። የናንተን ከተማ ቁጥር አስገቡበት። ትንሽ ከተማ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፣ ያኔ ከጎረቤት ከተማ ጋር ኦፕሬተር መጋራት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቢል መክፈል ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች ድጎማ መኖሩንም አብራችሁ አንሱ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ጠንካራ ነጥብ ደሞ አለ። ከ1996ቱ የመጠጥ ውሃ ሕግ ማሻሻያ የመጣው የፌዴራል ብድር ፈንድ ገንዘብ የሚሰጠው የቴክኒክ፣ የአስተዳደርና የገንዘብ አቅም ላለው ተቋም ነው። በቂ ኦፕሬተር ከሌለ የቴክኒክ አቅም አለኝ ማለት አይቻልም። ከተማው ብድር ሲጠይቅ ስለ ሠራተኛው ምን ብሎ እንደሞላ ጠይቁ፣ ፎርሙ የሕዝብ ሰነድ ነው።

7. ለሚነሱባችሁ መልሶች ተዘጋጁ

"አውቶማቲክ ነው፣ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል።" ኮምፒውተሩ ጥሩ ነው፣ እኔም ካለሱ አልሠራም። ግን ሚልዋኪን አንሱላቸው። በ1993 ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተህዋስ በማጣሪያው አልፎ ወደ 403 ሺህ ሰው እንደታመመ ነው የተገመተው። የኬሚካል መጠኑን ለማስተካከል የሚረዳ መሣሪያ ጣቢያው ላይ ነበር፣ በትክክል ስላልተገጠመ ግን ሥራ ላይ አልነበረም። መሣሪያ መኖሩና መሥራቱ ሁለት ነገር ነው፣ ልዩነቱን የሚያየው ሰው ነው።

"ለኩባንያ እንሰጠዋለን።" ይቻላል፣ ሲያትል ቶልትና ሲዳር ማጣሪያዎቹን ያሠራው አንድ ኩባንያ ዲዛይኑንም ግንባታውንም ኦፕሬሽኑንም በሚይዝበት ኮንትራት ነው። አትላንታ ደሞ በ1999 ለ20 ዓመት ብሎ ውሃውን ለኩባንያ ሰጥቶ በ2003 አፍርሶ ወደ ከተማው መለሰው። ስለዚህ ክርክሩን ኩባንያ ይሁን ከተማ ላይ አታድርጉት፣ ኮንትራቱ ውስጥ በየሺፍቱ ስንት ሰው፣ በምን ላይሰንስ፣ ካልተሟላ ቅጣቱ ምን ያህል ተብሎ ተጽፏል ወይ ብላችሁ ያዟቸው።

"ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉን።" ልምድ ጥሩ ነው፣ ሥልጠና ግን ይጠየቅ። በሜይ 2000 ካናዳ ኦንታሪዮ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ኢ.ኮላይ ውሃው ውስጥ ገብቶ 7 ሰው ሞተ፣ ወደ 2,300 ሰው ታመመ። የሚሠሩት ሰዎች ዓመታት የቆዩ ነበሩ፣ ላይሰንሱም ሳይፈተኑ በልምድ የተሰጣቸው ነበር፣ ክሎሪኑን ሳይለኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሞሉ ነበር።

"ኦቨርታይም ይሸፍነዋል።" የኦቨርታይም ወጪውን የሁለት ዓመት አውጡልን በሉ። ብዙ ጊዜ ያ ገንዘብ አንድ ሁለት ሰው ይቀጥራል፣ ደሞ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ኬሚካል ባይመዝን ይሻላል።

8. ማይኩ ፊት

ፐብሊክ ኮሜንት ብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፣ ስማችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፣ ኦንላይን የሚቀበሉም አሉ። እንግሊዝኛ ይከብደኛል ብላችሁ አትቅሩ፣ ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ሌላም ከተማ ቢሆን ጥቂት ቀን ቀድማችሁ ለከተማው ክለርክ አስተርጓሚ ጠይቁ። አስተርጓሚ ካለ ጊዜ ይጨመርልኝ በሉ፣ አለበለዚያ ግማሹን ትርጉሙ ይበላባችኋል።

ስትናገሩ ከሦስት ጥያቄ አትለፉ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

"ስሜ እገሌ ነው፣ እዚህ ከተማ ከነቤተሰቤ ነው የምኖረው። የማጣሪያውን ማሻሻያ እደግፋለሁ። ስታፍ ሪፖርቱ ገጽ ይህን ያህል ላይ በነባሩ ሠራተኛ ይሸፈናል ይላል። አንድ ቦታ 24 ሰዓት ለመሸፈን ወደ አምስት ሰው ያስፈልጋል፣ አሁን ያለን ይህን ያህል ነው። ሦስት ነገር እንድትጠይቁልኝ እፈልጋለሁ። ጣቢያው ሲሻሻል የሚያስፈልገው የላይሰንስ ደረጃ ይቀየራል ወይ፣ ከተቀየረስ ዛሬ ያ ላይሰንስ ያለው ስንት ሰው አለን? አዲሶቹ ሰዎች የሚቀጠሩት ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ ስንት ወር በፊት ነው? ደሞዛቸው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ ገብቷል ወይ? ለነዚህ መልስ በጽሑፍ ሳይመጣ ድምፅ እንዳትሰጡ እጠይቃለሁ።"

ሠራተኞቹን አትውቀሱ። ዳይሬክተሩን አታዋርዱ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ሰው ጠይቆ በጀት ቢሮ የከለከለው ነው፣ እናንተ ስትናገሩ ውስጡ ደስ ይለዋል። የጽሑፍ ኮፒ ለክለርኩ ስጡ፣ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከቻላችሁ ከቤተክርስቲያን ከመስጊድ ከኮሚዩኒቲው ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ ሂዱና ጥያቄዎቹን ተከፋፈሉ፣ አንድ ሰው ሦስቴ ከሚናገር ሦስት ሰው አንዳንድ ቢጠይቅ ይሰማል።

9. ከጸደቀ በኋላ

የሥራ መደብ መጽደቅና ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይለያያል። በጀት ውስጥ የተፈቀደ ቦታ ዓመት ሙሉ ባዶ ሊቀመጥ ይችላል፣ የተረፈውም ገንዘብ ወደ ሌላ ይዞራል። በየሦስት ወሩ የተፈቀደው ስንት፣ የተሞላው ስንት፣ ባዶው ስንት የሚል አጭር ሪፖርት ለካውንስሉ እንዲቀርብ ጠይቁ። ባዶው ካልተሞላ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደሞዙ ከጎረቤት ከተማ ማነሱ ነው፣ ሁለቱን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አትማችሁ አሳዩአቸው።

ደሞ ይሄን ለወገኖቼ ብዬ ነው፦ ክፍት ቦታው ሲወጣ ለሰው ንገሩ። ከሀገር ቤት በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በኢንጂነሪንግ ተመርቆ መጥቶ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ስንት ልጅ አለ። ለኦፕሬተር ላይሰንስ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ ነው፣ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ፣ ፈተናውን ስቴቱ ይፈትናል፣ ጥቅማ ጥቅምና ጡረታ አለው። የከተማችሁ የሥራ ገጽ ላይ "ኦፕሬተር ትሬይኒ" ወይም "ኦፕሬተር ኢን ትሬይኒንግ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ማስታወቂያው ቶሎ ስለሚዘጋ አለርት ሙሉበት፣ የሀገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁንም አስቀድማችሁ አስገምግሙ፣ ግምገማው ጊዜ ይወስዳል።